በጥቁር አፈር ላይ የሚጸና የድጋፍ ግንብና የግቢ ንጣፍ

የክረምቱ ዝናብ አልፎ መስከረም ሲጠባ በአዲስ አበባ በርካታ ግቢዎች ተመሳሳይ ችግር ይታያል። በበጋ የተነጠፈው የግቢ ወለል በአንድ በኩል ተነስቶ በሌላው ሰምጧል። የአጥሩ ግንብ ወደ መንገድ አዘንብሏል። የላይኛውን ግቢ ከታችኛው የሚለየው የድጋፍ ግንብ መሀሉ አብጦ ስንጥቅ አውጥቷል። በቀጣዩ በጋ ስንጥቁ በሲሚንቶ ይደፈናል፣ ወለሉም ይጠገናል። በቀጣዩ ክረምት ደግሞ ችግሩ ይመለሳል።

ብዙዎች ለዚህ ጉዳት ምክንያት የሚያደርጉት የሲሚንቶ ማነስን ወይም የግንበኛውን ጥንቃቄ ጉድለት ነው። እነዚህ የየራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም፣ የችግሩ ዋነኛ መነሻ ከግንቡ ሥርና ከጀርባው ያለው ጥቁር አፈር እንዲሁም ወደ አፈሩ ገብቶ መውጫ የሚያጣው ውኃ መሆኑን የዘርፉ ባለሙያዎች ያስረዳሉ።

ጉዳዩ የመኖሪያ ቤት ባለቤቶችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢያቸውን የሚያስነጥፉትና ግንባቸውን የሚያሠሩት በአብዛኛው በመንግሥት በጀት ነው። ዲዛይኑን የሚያጸድቁት፣ ግንባታውን የሚቆጣጠሩትና ሲጠናቀቅ የሚረከቡትም የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። በተጨናነቀ ሠፈር ውስጥ ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ሲደረመስ ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አይለካም። ከግንቡ ሥር የሚያልፍ መንገደኛና የሚጫወት ሕፃን ይኖራል።

የጎተራ መሬት

ጎተራ ስሙን ያገኘው በአካባቢው ከተገነቡት የእህል ማከማቻዎች ነው። በገጠሩ የኢትዮጵያ ክፍል አርሶ አደሩ ጎተራውን ከመሬት ከፍ አድርጎ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ የሚያቆመው እርጥበት ከሥር ገብቶ እህሉን እንዳያበላሸው ነው። በከተማዋ በስሙ የሚጠራው ሠፈርም ዛሬ የሚያስፈልገው ይኸው ጥንቃቄ ነው ማለት ይቻላል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ልማት የጎተራ ኮንዶሚኒየም ተገንብቷል። ከዚያም የጎተራ ማሳለጫ ተሠርቷል፣ በ2008 ዓ.ም አገልግሎት የጀመረው የከተማ ቀላል ባቡር የሰሜን ደቡብ መስመርም በዚሁ በኩል ያልፋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ካዛንቺስን ጨምሮ በከተማዋ መሀል በተካሄደው የኮሪደር ልማት አዳዲስ የእግረኛ መንገዶችና አረንጓዴ ሥፍራዎች ተሠርተዋል። መንገድ ሲሰፋና መሬት ሲደለደል ቀድሞ ተዳፋት የነበረው ቦታ ይቆረጣል፣ የተቆረጠውን የሚይዝ ግንብም ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ በሰሜን ከእንጦጦ ተራራ ተነስታ ወደ ደቡብ እየወረደች ወደ አቃቂ ሜዳ የምትዘልቅ ከተማ ናት። በሰሜኑ ከፍታ ቀይ አፈር ሲበዛ፣ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ በተወረደ ቁጥር ጥቁሩ ሸክላ አፈር በብዙ ሥፍራዎች ይገኛል። ይህ አፈር በሕዝቡ ዘንድ መረሬ፣ ኮትቻ ወይም ዋልካ በሚሉ ስሞች ይታወቃል። በአገር አቀፍ ደረጃ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት የሚሸፍን ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆነው በደጋው ክፍል እንደሚገኝ በግብርናው ዘርፍ የተካሄዱ ጥናቶች ያመለክታሉ።

የሚያብጥና የሚኮማተር አፈር

ጥቁር አፈርን ከሌላው የሚለየው በውስጡ በብዛት የሚገኘው ሞንትሞሪሎናይት የተባለው የሸክላ ማዕድን ነው። ማዕድኑ እንደ መጽሐፍ ገጾች የተደራረቡ እጅግ ስስ ንጣፎች አሉት። ውኃ በንጣፎቹ መካከል ሲገባ አፈሩ ያብጣል፤ ውኃው ሲወጣ ይኮማተራል። በበጋ መጨረሻ በጥቁር አፈር ላይ የሚታዩት ስንጥቆች እስከ ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ ወደ ታች የሚዘልቁት በዚሁ ምክንያት ነው።

በአዲስ አበባ በዓመት ከ1 ሺህ 100 እስከ 1 ሺህ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚጥል ሲሆን፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚወርድ ነው። ቀሪዎቹ ወራት በአብዛኛው ደረቅ ናቸው። በመሆኑም አፈሩ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይነሳል፣ አንድ ጊዜ ይሰምጣል። በላዩ ያረፈው ግንብ ወይም ንጣፍ አብሮ ይንቀሳቀሳል። እንቅስቃሴው በሁሉም ሥፍራ እኩል ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ አነስተኛ በሆነ ነበር። ነገር ግን ከጣሪያ የሚወርድ ውኃ የሚያርፍበት ጥግ ይበልጥ ሲያብጥ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ያለው ይበልጥ ይደርቃል። ግንቡን የሚሰነጥቀው ይኸው ያልተመጣጠነ እንቅስቃሴ ነው።

በቀዝቃዛ አገሮች ተመሳሳይ ጉዳት የሚያደርሰው በረዶ ነው። በአፈር ውስጥ ያለ ውኃ ሲቀዘቅዝ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምርና ተጨማሪ ውኃ ከሥር ስለሚስብ ወለሉን ያነሳል፣ ግንቡንም ይገፋል። ስለሆነም በእነዚያ አገሮች መሠረት የሚጣለው ቅዝቃዜው ከሚደርስበት ጥልቀት በታች ነው። በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች ቢበርዱም ውርጩ ከመሬት ገጽ የማያልፍ በመሆኑ መሠረትን አያናጋም። እዚያ በረዶ የሚሠራውን እዚህ የክረምቱና የበጋው መፈራረቅ ይሠራዋል። መፍትሔውም በመርህ ደረጃ ተመሳሳይ ነው፤ መሠረቱን ከሚንቀሳቀሰው የአፈር ክፍል በታች ማውረድና ውኃውን ማራቅ።

አፈሩ የሚያብጥ መሆኑን ለማወቅ ውድ ምርመራ የግድ አያስፈልግም። ደርቆ በወንፊት የተነፋ 10 ሚሊ ሊትር አፈር 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ባለ መስፈሪያ ብርጭቆ ውስጥ ውኃ ላይ ይጨመርና ለ24 ሰዓት ይቀመጣል። የረጋው አፈር ከ15 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ፣ ማለትም እብጠቱ ከ50 በመቶ ከበለጠ አፈሩ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ከ20 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ደግሞ ያለ መሐንዲስ ምክር ግንባታ መጀመር አይገባም።

ግንቡን የሚጥለው ውኃ ነው

የድጋፍ ግንብ ከአጥር ግንብ የሚለየው በአንድ ጎኑ የአፈር ጭነት የሚሸከም በመሆኑ ነው። ከጀርባው ውኃ ሲጠራቀም ጭነቱ ምን ያህል እንደሚጨምር በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል።

ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ጀርባው በደረቅ ጠጠራማ አፈር ቢሞላ፣ በእያንዳንዱ አንድ ሜትር ርዝመት ላይ በግምት 2.7 ቶን የሚሆን ግፊት ያርፍበታል። ውኃ መውጫ አጥቶ እስከ ግንቡ አናት ቢጠራቀም ግን ግፊቱ ወደ 6 ቶን ከፍ ይላል። ከዚህ ውስጥ 4.5 ቶን ያህሉ የውኃው ብቻ ነው። ግንቡ 20 ሜትር ርዝመት ካለው ጠቅላላ ግፊቱ ከ54 ቶን ወደ 120 ቶን አደገ ማለት ነው። ከጀርባው ያለው ጥቁር አፈር ከሆነ ደግሞ የእብጠቱ ግፊት በዚህ ላይ ይታከላል።

ከፍታም እንዲሁ ትኩረት ይሻል። የግንቡ ከፍታ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ያድጋል፤ ግንቡን ገልብጦ ለመጣል የሚሞክረው ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለሆነም አንድ ሜትር ላይ ለዓመታት ሳይነቃነቅ የቆየ ግንብ፣ ግቢውን ለማስተካከል ሲባል በላዩ አንድ ሜትር ቢጨመርበት በመጀመሪያው ክረምት ሊወድቅ ይችላል። በየሠፈሩ በነባር ግንብ ላይ የሚቀጠለው ተጨማሪ ግንብ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

የመጀመሪያው ተግባር ተገቢውን የግንብ ስፋት መወሰን ነው። በከተማዋ የተለመደው 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የድንጋይ ግንብ ለቤት መሠረትና ለአጥር ሥር ያገለግላል። አፈር ለሚሸከም ግንብ ግን የሥሩ ስፋት ከከፍታው ግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ሊሆን ይገባል። በዚህ መሠረት ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው በክብደቱ የሚቆም የድንጋይ ግንብ ከሥሩ ከ1 ሜትር እስከ 1.3 ሜትር ስፋት ያስፈልገዋል፤ ወደ ላይ እየጠበበ መሄድ ይችላል። ከዚህ ከፍታ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከግንቡ ጀርባ ቤት ወይም የተሽከርካሪ መንገድ ካለ፣ በመሐንዲስ የተሰላ የአርማታ ግንብ ተመራጭ ነው።

ሁለተኛው መሠረት ነው። መሠረቱ በበጋ ከሚሰነጠቀው የአፈር ክፍል በታች መውረድ ይኖርበታል። ይህም ቢያንስ አንድ ሜትር ሲሆን፣ ጥቁሩ አፈር ጥልቀት ባለው ቦታ የአፈር ምርመራ ተደርጎ ይወሰናል። የተቆፈረው ጉድጓድ ለቀናት ክፍት ሆኖ እንዲደርቅ ወይም ዝናብ እንዲሞላው መተው አይገባም።

ሦስተኛውና በብዙ ሥራዎች የሚዘለለው ከግንቡ ጀርባ የሚሞላው ነው። ከጉድጓዱ የወጣውን ጥቁር አፈር መልሶ መሙላት የመኪና ኪራይ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ግንቡን ለሚገፋው ኃይል ራሱን አሳልፎ ይሰጠዋል። በግንቡ ጀርባ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጹሕ ጠጠር፣ ከዚያ ኋላ ገረጋንቲ ወይም ሌላ የማያብጥ የተመረጠ አፈር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ድርብ እየተጠቀጠቀ መሞላት አለበት። የመጨረሻው የላይኛው ክፍል የዝናብ ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ ውኃ በማያሳልፍ ንጣፍ ይዘጋል።

አራተኛው የውኃ መውጫ ነው። በጠጠሩ ሥር ባለ ቀዳዳ የፕላስቲክ ቱቦ ከዘንበል ጋር ተዘርግቶ ወደ ቦይ ይወጣል። በግንቡ ፊት ላይም በየ1.5 እስከ 2 ሜትር ርቀት ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው የውኃ ማስወጫ ቀዳዳዎች ይተዋሉ። ጠጠሩ በአፈር እንዳይደፈን በጂኦቴክስታይል ጨርቅ ይለያል።

እንደ ቂርቆስ ባሉ ቤቶች በተቀራረቡባቸው ሠፈሮች ግን አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ከላይኛው ግቢ ቀዳዳዎች የሚወጣው ውኃ ብዙ ጊዜ የሚወርደው በታችኛው ጎረቤት ደጃፍ ነው። ጎረቤቱ በጨርቅና በሲሚንቶ ይደፍነዋል፤ ውኃውም ከግንቡ ጀርባ ይጠራቀማል። ሁለቱም ወገኖች ሳያስቡት ግንቡን በጋራ ለውድቀት ያዘጋጁታል። ስለሆነም ከግንቡ ፊት ግርጌ ላይ ውኃውን ተቀብሎ ወደ ሕዝብ ማፋሰሻ የሚያደርስ ቦይ የዲዛይኑ አካል ሊሆን ይገባል። ቦዩ የሚያልፈው በሌላ ይዞታ ከሆነ ስምምነቱ ከግንባታው በፊት መጠናቀቅ ይኖርበታል።

ውኃን እያሳለፉ አፈርን የመያዝ ጥበብ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር ያለ ሲሚንቶ በተደረደሩ የድንጋይ እርከኖቹ ይታወቃል። አንዳንዶቹ እስከ 5 ሜትር ከፍታ አላቸው። ውኃው በድንጋዮቹ መካከል ስለሚያልፍ ከጀርባቸው አይጠራቀምም። በሽቦ ሣጥን ድንጋይ ሞልቶ የሚሠራው ጋቢዮንም በተመሳሳይ መንገድ ያገለግላል። አፈሩ ሲንቀሳቀስ ሳይሰበር አብሮ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ በወንዝ ዳርና ሰፊ ቦታ ባለበት ሁሉ ጠቃሚ ነው።

የግቢ ንጣፍ

በ1990ዎቹ መጨረሻ በድሬዳዋ ተጀምሮ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተስፋፋው የኮብልስቶን ንጣፍ ለብዙ ወጣቶች የሥራ ዕድል ፈጥሯል። በጥቁር አፈር ላይም አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። አንዱ ጥግ ቢሰምጥ ድንጋዩን አንስቶ ሥሩን አስተካክሎ መልሶ ማንጠፍ ይቻላል። የተሰነጠቀ የሲሚንቶ ወለል ግን ፈርሶ ይጣላል።

ይሁን እንጂ ኮብልስቶን በድንጋዮቹ መካከል ውኃ ያሳልፋል፤ ውኃውም ወደ ጥቁሩ አፈር ይደርሳል። ስለዚህ ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው የላይኛው ጥቁር አፈር ተነስቶ በገረጋንቲ መተካት፣ የቀረው የአፈር ገጽ ራሱ ውኃውን የሚያወርድ ዘንበል እንዲኖረው መደልደል አለበት። በዚህ ላይ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ጠጠር፣ ከዚያ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ይደረግና ድንጋዩ ይነጠፋል። ዳር ዳሩ በከርብስቶን ካልታሰረ ንጣፉ በጊዜ ሂደት ይበተናል። ጥቁሩን አፈር ማንሳት በማይቻልበት ቦታ፣ እንደ ምርመራው ውጤት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 በመቶ ኖራ ቀላቅሎ መጠቅጠቅ የእብጠቱን መጠን ይቀንሰዋል።

የሲሚንቶ ወለል ከተመረጠ ውፍረቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ፣ በየ3 ሜትሩ መገጣጠሚያ የተተወለትና ከቤቱ ግድግዳ ጋር ያልተያያዘ ሊሆን ይገባል። ከተፈሰሰ በኋላም ቢያንስ ለ7 ቀናት እርጥብ ጆንያ ለብሶ ውኃ መጠጣት አለበት። ለማንኛውም ዓይነት ንጣፍ በየአንድ ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ከቤቱ ወደ ውጭ የሚያዘነብል ዘንበል አስፈላጊ ነው።

የጣሪያ ውኃ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። በ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 4 ሺህ ሊትር፣ ማለትም 20 በርሜል ውኃ ይወርዳል። ይህ ሁሉ በአንድ አሸንዳ በቤቱ ጥግ ላይ ከፈሰሰ የትኛውም ንጣፍ አይቋቋመውም። ውኃውን በቱቦ ወደ ቦይ ማድረስ ወይም በታንከር ማጠራቀም ያስፈልጋል። በሌላ በኩል እንደ ባሕር ዛፍ ያሉ ውኃ በብዛት የሚስቡ ዛፎች ከግንብና ከንጣፍ ቢያንስ የሙሉ ዕድገት ቁመታቸውን ያህል ርቀው ሊተከሉ ይገባል።

በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ አርሶ አደሮች መረሬውን ከመዝራታቸው በፊት በእጃቸው ሰፋፊ መደብና ቦይ የሚያወጡት የክረምቱ ውኃ እንዲንጠፈጠፍ ነው። አፈሩን ለማረስም ሆነ በላዩ ለመገንባት ቀዳሚው ሥራ ውኃውን መንገድ ማስያዝ ነው።

የበጀት ዓመቱና የአፈሩ ወቅት

በመንግሥት ተቋማት ለሚሠሩ ሥራዎች አንዱ ተጨማሪ ችግር የጊዜ ሰሌዳ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። የዋጋ ጥናቱ፣ ጨረታውና ውሉ ወራት ስለሚወስዱ ትናንሽ የግቢ ሥራዎች በግንቦትና በሰኔ ተጣድፈው ሲሠሩ ይስተዋላል። ለጥቁር አፈር ግን ይህ ከዓመቱ ሁሉ የከፋ ጊዜ ነው። በግንቦት አፈሩ እጅግ ደርቆ የተኮማተረ በመሆኑ በላዩ የተነጠፈው በሐምሌ ይነሳል። በሰኔ ደግሞ ረጥቦ ስለሚጣበቅ በአግባቡ አይጠቀጠቅም።

ለዚህ ሥራ የሚመቹት ክረምቱ ካለፈ በኋላ አፈሩ እርጥበቱን በከፊል ይዞ የሚቆይባቸው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ያሉት ወራት ናቸው። ይህም የሚሳካው ዲዛይኑና የጨረታ ሰነዱ በክረምቱ ወራት ከተዘጋጁ ነው። ለዕቅድ ክፍሎች ተጨማሪ በጀት የማይጠይቅ፣ የቅደም ተከተል ለውጥ ብቻ የሚፈልግ ማሻሻያ ነው።

ቁጥጥርና ርክክብ

የመሠረት ሥራን የሚመለከት አገራዊ መስፈርት እ.ኤ.አ በ1995 በወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ ሰባተኛ ክፍል የተካተተ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ2015 ከአውሮፓ ኮዶች ጋር ተጣጥሞ ተሻሽሏል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የግንባታ ፈቃድንና የሕንፃ ሹምን ኃላፊነት በሕግ ደንግጓል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉም በጉዳዩ ላይ ግልጽ ነው። የማይንቀሳቀሱ ንብረቶችን የሥራ ውል በሚመለከተው ክፍል አንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩ ለሠራው ግንባታ ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። በሥራው ጉድለት ብቻ ሳይሆን ግንባታው ባረፈበት የአፈር ጠባይ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳትም ተጠያቂ ያደርገዋል። ስለዚህ «አፈሩ ነው ያበላሸው» የሚለው ምክንያት ብቻውን ከኃላፊነት የሚያድን አይደለም።

በርክክብ ወቅት የግንቡ ፊት ማማሩ ብቻ በቂ መመዘኛ አይሆንም፤ ከጀርባው ያለው ከተሸፈነ በኋላ አይታይምና። ተቆጣጣሪው የመሠረቱን ጥልቀት፣ የጠጠሩን ውፍረትና የቱቦውን አዘረጋግ ከመሸፈናቸው በፊት በቦታው ተገኝቶ ሊለካና በፎቶግራፍ አስደግፎ ሊመዘግብ ይገባል። ቀዳዳዎቹ በልስን አለመደፈናቸውን ለማረጋገጥ ከግንቡ ጀርባ ጥቂት በርሜል ውኃ አፍስሶ መውጣቱን ማየት ይቻላል። በውሉ የተያዘው የጉድለት ማረሚያ ጊዜ ከማብቃቱ በፊትም ግንቡንና ንጣፉን ሁለት ጊዜ፣ በመስከረምና በግንቦት መመርመር ያስፈልጋል። ክረምትንና በጋን ያላየ ግንብ ገና አልተፈተነም።

ግንቡ ማበጥ፣ ወደ ፊት ማዘንበል፣ ከጀርባው ባለው መሬት ላይ ከግንቡ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ መውጣትና ቀድሞ ውኃ ያወጡ የነበሩ ቀዳዳዎች በክረምት መድረቅ የአደጋ ምልክቶች ናቸው። እነዚህ ሲታዩ ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን መፍትሔ አይሆንም። ከግንቡ ሥር ሰው እንዳይቀመጥና እንዳያልፍ ማድረግ፣ ከላይ የሚወርደውን ውኃ ወደ ሌላ አቅጣጫ መቀልበስና የሚመለከተውን የወረዳ ወይም የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ወዲያውኑ ማሳወቅ ይገባል።

ለጠጠር፣ ለቱቦና ለቦይ የሚወጣው ወጪ ከግንቡ ጠቅላላ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። የተደረመሰን ግንብ አንስቶ እንደገና መገንባት ግን ዋጋውን ከእጥፍ በላይ ያደርሰዋል፤ ከሥሩ ሰው ከነበረ ደግሞ በምንም ዋጋ የማይመለስ ጉዳት ያስከትላል። በመሆኑም የግቢ ሥራ የሚያጸድቅ ኃላፊም ሆነ የሚረከብ ኮሚቴ ከሁሉም በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ፣ ከግንቡ ጀርባ የሚገባው ውኃ በየት በኩል ይወጣል የሚለው ነው።